ወንዙ ዝም ያለ ቀን

ወንዝ ዳር ቤት እንግዛ ያለው ባሌ ነው። እኔ ጡረታ ስወጣ የተመኘሁት ገበያ የሚቀርበው፣ ጎረቤት የሚበዛበት፣ መስኮቴን ስከፍት እንዴት አደርሽ የሚለኝ ሰው የማላጣበት ሰፈር ነበር። እሱ ግን ከፋብሪካ ከተሰናበተበት ዕለት ጀምሮ ወንዝ፣ ወንዝ፣ ወንዝ አለ። ሠላሳ አምስት ዓመት በጫጫታ መሀል የኖረ ሰው ውሃ እያየ ማረፍ ቢያምረው አይፈረድበትም ብዬ እሺ አልኩ።

ነገሩ ግራ ያጋባኝ ገና ቤት ስንመርጥ ነው። ደላላው ሁለት ቤት አሳየን። አንዱ ወደ ላይ፣ ወንዙ ሰፋ ብሎ ኮሽታ ሳያሰማ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ነው፤ ወጥ ቤቱ ሰፊ፣ መደርደሪያው እስከ ጣሪያ የሚደርስ። ሌላው ወደ ታች፣ ውሃው ከቋጥኝ ቋጥኝ እየተላተመ ከሚወርድበት አጠገብ ነው። እዚያ በረንዳ ላይ ቆሞ ለማውራት መጮህ ያስፈልጋል። ደላላው ራሱ፣ ደላላ ሆኖ ሳለ፣ እዚህስ ድምፁ ያስቸግራችኋል አለን። ባሌ ጓዳውን እንኳ ዞሮ ሳያይ ይኼን ነው የምንፈልገው ብሎ ቁርጡን ነገረው። እኔም መደርደሪያዬን በሆዴ ይዤ ተከተልኩት።

ባሌን ሁሉም ሰው ፎርማን ነው የሚለው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ክፍል ፎርማን ነበር። መቶ ሃያ ማሽን በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሲንኳኳ የሚውልበት ቦታ ስለሆነ ሠራተኞቹ የሚግባቡት በእጅ ምልክትና አንዱ የሌላውን ከንፈር በማየት ነው። አንድ ቀን የረሳውን ቁልፍ ላቀብለው ሄጄ በሩ ላይ ስቆም ወለሉ ከጫማዬ በታች ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። እሱ አዳራሹ ማዶ ያለች አንዲት ሠራተኛ የተናገረችውን አፏን እያየ ይስቃል። ያኔ ቅናት ቢጤ ሸንቆጥ አደረገኝ እንጂ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

እኔ ደግሞ የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ፣ ፊቴን ወደ ማዞሪያው ሰሌዳ ሰጥቼ፣ መልካቸውን ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ሳወራ ኖርኩ። አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ ሲጠይቀኝ እንኳ አልዞርም ነበር፤ እጄ ገመድ ይሰካል፣ ዓይኔ መብራት ይጠብቃል፣ መልሱን አፌ ብቻ ይሰጣል። ይኼ አመል ቤትም ተከትሎኝ ገባ። ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ሳህን እያጠብኩ፣ አልጋ እያነጠፍኩ አወራለሁ። ሰው ሲያናግሩ ፊቱን ማየት ያስፈልጋል የሚባል ነገር ወደ ሐሳቤም መጥቶ አያውቅም።

ከተማ ሳለን እሱም በፈረቃ፣ እኔም በፈረቃ ስለምንሠራ የምንገናኘው በር ላይ ነበር ማለት ይቻላል። እሁድ እሁድ ደግሞ ቤቱ በዘመድና በጎረቤት ይሞላል፤ እሱ መለሰ አልመለሰ ማን ልብ ይለዋል። እዚህ ግን ሁለታችን ብቻ ቀረን። ባሌ ጆሮ ዳባ ልበስ የሚለኝ ሰው መሆኑ ያኔ ነው ፍንትው ብሎ የታየኝ። ድንች ላብስል ወይስ ጎመን እለዋለሁ፤ ዝም። የልጃችን ጉንፋን እንዴት ሆኖላት ይሆን እላለሁ፤ ዝም። አንዳንዴ ሲመልስልኝ ደግሞ ያልጠየቅኩትን ይመልሳል። ስለ ጎመን ስጠይቀው ‹‹አዎ፣ ሳይዘንብ አይቀርም›› ይለኛል። እያሾፈብኝ ነው ብዬ ደሜ ይፈላል። ሲብስበት ከጋዜጣው ቀና ይልና ‹‹ምን አልሽ? ይኼ ወንዝ እኮ ሰው አያሰማም›› ይላል። ወንዙን የመረጠው እሱ፣ በወንዙ የሚያማርረው እሱ።

ሰባት ወር ቻልኩ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግን የሞላው ገነፈለ። እኔ ምድጃው ላይ አጎንብሻለሁ፤ እሱ ከኋላዬ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣውን ዘርግቶ ሻዩን ይጠጣል። ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ መቼ ነው የምትደፍነው ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅኩት። ሦስቱንም ጊዜ ዝም አለኝ። ከዚያ እንዲህ አልኩት።

‹‹ከግድግዳ ጋር ማውራት ሰልችቶኛል። ቅዳሜ ልጄ ጋ ሄጄ እዚያው ልኖር ነው። ቅሪ ካልከኝ ግን እቀራለሁ።››

አልዞርኩም፤ ብዞር እንባዬን ያይብኛል። ማማሰያውን እንደጨበጥኩ ጠበቅኩት። ወንበሩ ወደ ኋላ ተንፏቀቀ። የበረንዳው በር ተከፈተና ተዘጋ። ባሌ ቲማቲሙን ሊያጠጣ ወጣ።

አንዲት ቃል ነፈገኝ። ከአርባ ዓመት ትዳር በኋላ አንዲት ቃል። ቅስሜ ስብር አለ፤ ለልጄ ደወልኩላት። ተጣላችሁ እንዴ እማዬ ብላ ወተወተችኝ፤ ቢጣላኝማ በምን ዕድሌ አልኳት። የእንግዳ ክፍሏን አዘጋጅታ ቅዳሜ ጠዋት በመኪናዋ ልትወስደኝ ተስማማን። ለአባትሽ ነግሬዋለሁ፣ አንቺ ምንም እንዳትይው ብዬም አስጠነቀቅኳት። ብትልስ የት ታገኘዋለች፤ እሱ እንደሆነ ስልክ ሲሰጡት እንኳ እኔ የስልክ ሰው አይደለሁም ብሎ ለእኔ ነው የሚያቀብለኝ።

ረቡዕ ልብሴን አጣጥፌ ሻንጣዬን አልጋው እግርጌ አቆምኩት። ቦታ ጠፍቶ አይደለም፤ እንዲያየው ነው። አይቶት አለፈ። ሐሙስ ከሰዓት ወደ መኝታ ቤት ስገባ ደግሞ ከዓመታት በፊት የላላው የሻንጣው እጀታ በሽቦ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ሽቦው እጄን እንዳይቧጭረኝ በጨርቅ ጠቅልሎታል። ይኼማ ቶሎ ሂጂልኝ ማለት ነው አልኩ። አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ድንቼን ልላጥ ሄድኩ።

ዓርብ ጠዋት ስነቃ የሆነ ነገር ጎድሏል። ምን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። የግድግዳው ሰዓት ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማኛል፤ ሰባት ወር ሙሉ ሰዓቱ ድምፅ እንዳለው አላወቅኩም ነበር። ነጠላ ጫማዬን አድርጌ በጓሮ በኩል ወጣሁ። ወንዙ ከቤታችን ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ማዶው ከፍ ስላለ ከቤት ይታያል፣ ውሃውን ግን ቁጥቋጦው ስለሚጋርደው ጫፉ ድረስ ካልሄዱ አይታይም። ስደርስ ውሃ የለም። ቋጥኞቹ ሽበት እንዳወጣ ራስ ግራጫ ሆነው ተገትረዋል፤ እዚህም እዚያም አንድ ሁለት ኩሬ ቀርቷል።

ከወንዙ ማዶ ማሳ ያለው አትክልተኛ የውሃ ፓምፑን ቱቦ እየጠቀለለ ነበር። እትዬ አትደንግጪ አለኝ፤ ላይኛው ግድብ ላይ የሚጠግኑት ነገር ስላለ ውሃውን ይዘውታል፣ ነገ ይለቁታል። ድምፁን ሳያነሳ ነው የነገረኝ፤ እኔም ከዚህኛው ዳር ሆኜ ጥርት አድርጌ ሰማሁት።

ስመለስ ባሌ ተነስቶ እንደ ልማዱ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣውን ዘርግቷል። ሽንኩርቴን ይዤ ጀርባዬን ሰጠሁት፤ ባኮርፍም ወሬ መያዝ አልቻልኩም።

‹‹ውሃውን ዘግተውታል አሉ›› አልኩ።

ዝም።

‹‹አንተን እኮ ነው፣ ፎርማን።››

ትከሻዬ ሲንቀሳቀስ አይቶ እያወራሁ መሆኑን ጠርጥሮ ይሁን አላውቅም፣ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ።

‹‹ምን አልሽ? ይኼ ወንዝ እኮ ሰው አያሰማም። ዛሬማ ብሶበታል።››

ክው ብዬ ቀረሁ። ቤቱ ውስጥ ከሰዓቱ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። ዞሬ አየሁት፤ ወደ ጋዜጣው ተመልሷል። ሁለት የድስት ክዳን አንስቼ ከጀርባው ሄጄ ቆምኩና ባለ በሌለ ኃይሌ አጋጨኋቸው። እኔው ራሴ ዘለልኩ። ማዶ ያለው አትክልተኛም ሳይሰማው አልቀረም። ባሌ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ ገጹን ገለጠ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ስንት ዓመት ነው እንዲህ ያታለለኝ? ክዳኖቹን እንደያዝኩ ከኋላው ቆሜ ስቆጥር ግን ነገሩ ሁሉ እየተያያዘ መጣ። ስልኩ። ሬዲዮ ዛሬ የረባ ነገር አያወራም እያለ የሚያጠፋው። ጎመን ስለው ዝናብ የሚለኝ። ቤቱም ገባኝ። እዚህ ወንዝ አጠገብ ማንም ማንንም አይሰማም፤ ሊያወራ የፈለገ ቀርቦ ፊት ለፊት መቆም አለበት። እሱ ከሌላው ሰው የማይለይበት ቤት ይኼ ብቻ ነበር። ለካ ያን ሁሉ ጩኸት መደበቂያ ብሎ ነው የገዛው። አንጀቴን በላው። ቀጥሎ ደግሞ ማክሰኞ ትዝ አለኝ።

ክዳኖቹን አስቀምጬ ወንበር ሳብኩና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ጋዜጣውን ከእጁ ወሰድኩ።

‹‹ወንዙ ዛሬ ደርቋል›› አልኩት።

ከንፈሬን አየ። ወደ መስኮቱ አየ። አንገቱን ሲደፋ አገጩን ይዤ ቀና አደረግኩት፤ ካላየኝ ምንም ብል ከንቱ ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው ብዬ ጠየቅኩት። የግራው ጆሮ፣ ልጃችን ከመዳሯ በፊት ጠፍቷል አለኝ። ፋብሪካው በየዓመቱ ጆሮ ያስመረምራቸው ነበር፤ ያልሰማ ሰው ከማሽኖቹ ተነስቶ መጋዘን ይላካል፤ እሱ መርማሪዋ የድምፅ ማውጫውን ቁልፍ ስትጫን እጇን በካቢኔቱ መስታወት እያየ ሰማሁ፣ ሰማሁ ይላት ነበር። የቀኙ ከሁለት ዓመት ወዲህ ሄደ። አሁን የሚሰማው የራሱን ጭንቅላት ጩኸት ብቻ ነው።

‹‹ፋብሪካውስ ይሁን። እኔን ለምን?››

‹‹አንቺ በድምፅ የኖርሽ ሰው ነሽ›› አለ። ‹‹ወሬ ትወጃለሽ። ደንቆሮ ባል ምን ይሠራልሻል ብዬ ፈራሁ።››

‹‹ማክሰኞ የነገርኩህስ?››

‹‹ማክሰኞ ምን ነገርሽኝ?››

ሰባት ወር ሙሉ ስሰድበው የኖርኩት ሰው ይኼ ነው። ፊቱ ላይ ተንኮልም ንቀትም የለም፤ እንደ ተማሪ ሆኖ አፌን እየጠበቀ ነው። እንደምሄድ ነገርኩህ አልኩት፤ ነገ ልጃችን መጥታ ትወስደኛለች። አልደነገጠም። ራሱን ነቀነቀ።

‹‹ሻንጣውን አይቻለሁ›› አለ። ‹‹ነግረሽኝ አልፎኝ ይሆናል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ለምን ትሄጃለሽ ብዬ ብጠይቅሽ፣ ነገርኩህ እኮ ብትዪኝ ምን እመልስልሻለሁ? እጀታው መንገድ ላይ እንዳይበጠስብሽ ብዬ እሱን ብቻ አሰርኩልሽ።››

ሦስት ቀን። ሦስት ቀን ሙሉ እንደምሄድ እያወቀ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ቲማቲሙን ሲያጠጣ ከረመ። እንባዬን ላቆመው አልቻልኩም፤ ሳለቅስ ደግሞ ከንፈሬ ይጣመማል፣ የምለው አይገባውም። ስለዚህ በቀሚሴ ጫፍ ፊቴን ጠርጌ፣ ትንፋሼን ሰብስቤ፣ የቀረውን ነገርኩት።

‹‹ሌላም ብዬህ ነበር። ቅሪ ካልከኝ እቀራለሁ ብዬሃለሁ።››

‹‹ድገሚው።››

ቃል በቃል፣ ቀስ ብዬ ደገምኩለት። እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አደረገ።

‹‹ቅሪ›› አለ።

ድምፁን መመጠን አይችልምና በዚያ የማሽን አዳራሽ ድምፁ ነው ያለው። በክፍት መስኮት ወጥቶ ባዶውን ወንዝ ተሻገረ። አትክልተኛው ቱቦውን ጥሎ ወደ ቤታችን ሲያይ ታየኝ፤ ምንም የለም ብዬ በእጄ አሰናበትኩት።

ልጄ እንዳትመጣ መደወል ነበረብኝ። ግን ባሌ አፌን ማየቱን አላቆመም፤ ገና የምለው ያለ መስሎት። ነበረኝም። የስንት ዓመት ወሬ ከጀርባዬ ፈስሶ ቀርቶ፣ ከየቱ እንደምጀምር ግራ ገባኝ። ወንበሬን ጉልበታችን እስኪነካካ አስጠጋሁና ከስድቡ ጀመርኩ። አንድም ሳያመልጠው፣ ዓይኑን ሳይነቅል፣ ሁሉንም ተቀበለኝ።