እስከ በሩ

አባቴ ከተኛበት የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሰው የሚወጣው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ በአልጋው ይወጣል፣ ወይ ነፍሱ ትወጣለች። ስለዚህ ተመራማሪው ዶክተር ፈገግ ብሎ «አባትሽ ዛሬ ይወጣሉ» ሲለኝ፣ የትኛውን መውጣት እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ወደ ተራ ክፍል ነዋ!»

አክስቴ ወደ ጣሪያው አንጋጣ አመሰገነች። እኔ አባቴን አየሁ። የመተንፈሻው ቱቦ ከጉሮሮው ከተነቀለ ገና አንድ ቀኑ ነው። ደረቱ እንደ ወናፍ ይነሳል፣ ይወድቃል፤ አየር በሳበ ቁጥር የአንገቱ ሥር ይሰረጉዳል። ተራ ክፍል ደግሞ አንዲት ነርስ ለስንት በሽተኛ! ትንፋሹ ቢያጥር ማን ሊሰማው?

ዶክተሩ አዲስ ሕክምና የሚሞክርበት ጥናት አለው፤ አባቴም አለበት። ሲያግባባን «በዚህ ሕክምና ብዙዎቹ ወጥተዋል» ብሎን ነበር።

«ዶክተር፣ እነዚያ የወጡት የት ደረሱ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አሉ ወይስ የሉም?»

ጉሮሮውን ጠረገ። «ጥናታችን የሚከታተለው እስከዚህ በር ነው። ከክፍሉ በሕይወት የወጣ ሰው ለእኛ ድኗል።»

«በሩን አልፎ ቢሞትስ?»

«ያ ሌላ ጥናት ነው፣ እህቴ።»

አክስቴ ጎኔን ጎሰመችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ሰብስቢ! ሰውዬው ወንድሜን ቢያድንልኝ ችሎት ታቆሚዋለሽ?»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ እትዬ።»

«አንቺማ ስትወለጂም አዋላጇን ጠርጥረሽ ነው የመጣሽው።»

ነርሷ በጭምብሏ ውስጥ ሳቀች። ዶክተሩ አልሳቀም፤ የአልጋውን ፍሬን በእግሩ ፈታ።

የአልጋውን ብረት ያዝኩ። «እሺ፣ ይውጣ። ግን ስልክ ቁጥሬን ይያዙልኝ። በየጠዋቱ እየደወሉ ‹አባትሽ እንዴት አደሩ?› ይበሉኝ። ክፉ ከሰሙ ደግሞ ከዳኑት መሐል ይሰርዙልኝ።»

እግሩ እዚያው ፍሬኑ ላይ ቀረ። አባቴን አየው፤ ገና አሁን ያየው መሰለኝ። ከዚያ ነርሷን አየ። እሷ ወለሉን ታያለች።

«እስቲ... ለዛሬ እዚሁ ይቆዩ» አለና ፍሬኑን መልሶ ረገጠው።

«ተባረክ!» አለች አክስቴ። ይወጣል ሲባል ተመስገን፣ አይወጣም ሲባል ተባረክ፤ የእሷ ምርቃት አድራሻ አይጠይቅም።

ዶክተሩ በአገጩ ከጎናችን የተኙትን ሽማግሌ ጠቆመ። «እንግዲያው እሳቸውን አውጧቸው።» የዚያው ጥናት ሰው ናቸው፤ አተነፋፈሳቸውም ከአባቴ አይሻልም። ሚስታቸው የዶክተሩን እጅ ልትስም ጎንበስ አለች።

አክስቴን አባቴ ራስጌ ተክዬ ሴትዮዋን ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባት።

«እማማ፣ ትንፋሻቸው ቢያጥር ማንን እንደሚጠሩ ነግረውዎታል?»

«ምነው ልጄ፣» አለች የአልጋውን ጫፍ እንደያዘች፣ «ድነዋል ተባልኩ እኮ።»