የእግዜር በሬ

ሰገነት እንደ ወትሮዋ የኪዳን ደወል ሲሰማ ተነሣች። ፊቷን ታጠበች፤ አልጋዋን አነጠፈች፤ ሻይ ጣደች። ፋሲካ ካለፈ ወዲህ ቁርስ ትቀምሳለችና የትናንቱን ዳቦ በሻይ እያራሰች በላች። ያረመችውን የተማሪዎቿን ፈተና በፌስታል አድርጋ በሩ አጠገብ አኖረች። ከዚያ የብርጭቆውን አተላ ልትደፋ የጓሮውን በር ስትከፍት፣ የእግዜር በሬ አትክልቷ መሀል ቆሞ ያመሰኳል።

አጥሩ በአንድ ወገን ወድቋል። ጎመኑ የለም። የቃሪያው መደብ ተረግጦ ጭቃ ሆኗል። ይህ ሁሉ አላስደነገጣትም፤ ዐይኗ የሮጠው ወደ አፕሉ ዛፍ ነበር። ዝቅ ያለው ቅርንጫፍ ተገንጥሎ በልጡ ተንጠልጥሏል። ከፍ ያለው ግን ደህና ነው፤ ፍሬዎቹም እላዩ ላይ አሉ።

“ሂድ!” አለችው በሬውን።

በሬው ቀና ብሎ አያትና ማመስኳቱን ቀጠለ። ቢቸና ውስጥ ሂድ ያለው ሰው ስላልነበረ ቃሉ አዲስ ሳይሆንበት አልቀረም።

ዛፉን የተከለው ባሏ ሣህለ ማርያም ነው። እሱም እንደሷ አስተማሪ ነበር። ችግኙን ከጨንቻ ድረስ አስመጥቶ፣ “ቢቸና ላይ ደግሞ አፕል!” ብለው የሳቁበትን ሁሉ ችሎ ተከለው። ሲተክለውም “የመጀመሪያው ፍሬ የባለቤቱ ነው” አለ፤ በኩራቱን ለቤተ ክርስቲያን ማለቱ ነው። ዛፉ ፍሬ የያዘው ግን እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ሰገነት ፍሬዎቹን በየጠዋቱ ታያቸዋለች እንጂ አትነካቸውም። “ገና ናቸው” ትላለች። ከቀሉ ቆይተዋል።

“ቤቶች! እንደምን አደራችሁ? ዳልቻን አላያችሁም?” የሚል ድምፅ ከወደቀው አጥር በኩል መጣ። እህል ነጋዴው ጋሽ ፋንታ ነው። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ጭራውን ይዞ፣ አጥሩን ተራምዶ ገባ።

“ጋሽ ፋንታ፣ በሬዎ አጥሬን ጣለው።”

“በሬዬ?” አለ ፋንታ፣ ስድብ እንደሰማ ሰው። “እኔ በሬ የለኝም። ዳልቻ የእግዜር ነው። እኔ እረኛው ነኝ፤ ያውም ደመወዝ የሌለው እረኛ።”

“እንግዲያው የጎመኔን ካሳ ማንን ልጠይቅ?”

“ባለቤቱን ነዋ! አንቺ የተማርሽ አይደለሽም እንዴ? የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ክፍት ነው፤ ሄደሽ ንገሪው።”

“እሱስ ይሰማኛል። ወርዶ አጥር ግን አያጥርልኝም።”

“ተይ፣ ተይ መምህርት! ይልቅ ደስ ይበልሽ። ስንቱ በረከት ፍለጋ ገዳም ለገዳም ይንከራተታል፤ ላንቺ በእግሩ መጣልሽ።” የበሬውን ጀርባ በፍቅር መታ መታ አድርጎ “በል ጌታው፣ እንሂድ” አለና ይዞት ወጣ። ዳልቻ ሲወጣ የቆመውን የአጥር ግማሽ ጨምሮ ጣለው።

የዳልቻን ታሪክ በቢቸና የማያውቅ የለም። ፋንታ አንድ ጊዜ እህል ጭኖ ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርድ የመኪናው ፍሬን እንቢ አለ። ገደሉ አፉን ሲከፍት ፋንታም አፉን ከፈተ፤ “የሞጣው ጊዮርጊስ! ከዚህ ብታወጣኝ ቤት ያለው ወይፈን ያንተ ነው!” አለ። መኪናው ድንጋይ ይዞት ቆመ። ፋንታ ለቢቸና ሕዝብ ሁሉ ተአምሩን አወራ፤ ስለቱን ግን አላደረሰም። በመጀመሪያው ዓመት “እንዴት ወይፈን ይዤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ፊት እቆማለሁ? ትንሽ ይደግ” አለ። በሁለተኛው “ከሳብኝ” አለ። ኋላም “እግዜር ሥራ ፈት አይወድም፤ እስኪ እርሻ ይልመድ” ብሎ ጠመደው። እንዲህ እንዲህ እያለ ዳልቻ የሚያርስ ቀን የፋንታ፣ የሰው አትክልት የሚበላ ቀን የእግዜር ሆነ።

የሚነካው የለም። አንዲት ጤፍ ሻጭ በማማሰያ መትታው በሳምንቱ እግሯን ወለም ስላላት፣ ከዚያ ወዲህ ዳልቻ ገበያ መሀል እንደ ሹም ይዘዋወራል። ከየቁናው አንዳንድ ጉንጭ ሲያነሣ ሻጮቹ “አሜን” ይላሉ። ፋንታም ነገሩ ስለተስማማው የእህል መጋዘኑ በር ላይ በትልልቅ ፊደል አስጻፈበት፤ “ባለቤቱ እግዚአብሔር ነው። ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው።” ፈቃዱን የሚሰጠው ፋንታ ነው።

ሰገነት እንደ ሌላው ሰው ስቃ ታልፈው ነበር። ነገር ግን ሣህለ ማርያም በሞተ ጊዜ፣ ፋንታ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጦ “ምን ያስለቅስሻል መምህርት? ባለቤቱ ወሰደው። እኛ አደራ ጠባቂ ነን፤ አደራ ሲጠየቁ መመለስ ነው” ብሏታል። ከዚያም ወዲህ ስለ ባሏ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ቃሉን ግን አልረሳችውም።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ወደ ቀሲስ መሪጌታ አካለ ወልድ ሄደች። መሪጌታ ፋንታን አስጠሩት፤ ሁለቱንም ከደጀ ሰላሙ አግዳሚ ላይ አስቀመጧቸው።

“ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም” አሉ መሪጌታ። “ባል የሞተባትን ሴት አጥር ማፍረስ ምን ይባላል?”

“እኔ አላፈረስሁም የኔታ፤ በሬው ነው።”

“በሬው የማን ነው?”

“የእግዜር!”

“እርግጠኛ ነህ?”

“በእውነት የኔታ! ለምስክር ቢቸና በሙሉ አለልኝ።”

“እንግዲያው እግዚአብሔር ከብቱ ጠፍቶበታል ማለት ነው” አሉ መሪጌታ በእርጋታ። “ያለበትን አውቀን ዝም ማለት ደግሞ ሌብነት ነው። ለጊዮርጊስ ክብረ በዓል ሞጣ ይወሰድና ለባለቤቱ ይሰጥ።”

የፋንታ ፊት ተለወጠ። “ዘንድሮ? የኔታ፣ ዘንድሮ እኮ… ገና ነው። አልሰባም።”

“ይህ በሬ? በደጀ ሰላሙ በር እኮ አይገባም!”

“ለሰው ዐይን ነው እንጂ የኔታ፣ ለእግዜር የሚሆነውን እኔ አውቃለሁ። አንድ ክረምት ብቻ…”

“ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው” አሉ መሪጌታና ተነሡ። “መምህርት፣ አንቺም አብረሽ ሂጂ። ዳልቻ ከመንገድ፣ ከደብረ ወርቅ እንዳይመለስ።”

“ዳልቻ መንገድ መች ያውቃል የኔታ?” አለ ፋንታ።

“እኔም ለዳልቻ አልፈራሁም።”

በበዓሉ ዋዜማ ሙጀሂድ የተባለ የሞጣ ሰው፣ ሸቀጥ አራግፎ ባዶውን በሚመለስ አይሱዙው ጫናቸው። ዳልቻ ከኋላ፣ ሰገነትና ፋንታ ከፊት። ፋንታ በየመንደሩ “አንዴ አቁምልኝ” እያለ ይወርዳል፤ ገመዱን ያላላል፤ ሣር ያጎርሰዋል፤ ጆሮውን ያክክለታል።

“ጋሼ፣ ሙሽራ ነው እንዴ የጫንኩት?” አለ ሙጀሂድ። “እንዲህ ከሆነ ሚዜ ያስፈልገው ነበር።”

“አንተ ንዳ! ምን አገባህ?”

“ልንዳ ስል እኮ ነው የሚያስቆሙኝ!”

ጉንደ ወይን ሲደርሱ ካፊያ ጀመረ። ፋንታ ወርዶ ጋቢውን ለበሬው አለበሰና በሸሚዝ ብቻ እየተንቀጠቀጠ ተመለሰ። ሰገነት ለረጅም ጊዜ የያዘችው ነገር ያኔ አመለጣት።

“አደራ ሲጠየቁ መመለስ ነው ብለውኝ ነበር፣ ጋሽ ፋንታ።”

ፋንታ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከዚያ ዞር ሳይል “ያንቺስ አፕል?” አላት።

“ምኑ?”

“ሣህለ ማርያም ሲተክለው ውኃ የቀዳሁለት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው የባለቤቱ ነው ሲል በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ። መቼ ነው የሚበስለው?”

“ገና ነው” አለች ሰገነት።

“ዳልቻም ገና ነበር።”

ሙጀሂድ ሁለቱንም ተራ በተራ አየና “ወላሂ እኔ አንድ በሬ ብቻ የጫንኩ መስሎኝ” አለ። ከዚያ ሞጣ እስኪገቡ ሳያቆም ነዳ።

በማግሥቱ ታቦቱ ዞሮ ከገባ በኋላ፣ እንደ ልማዱ የስለት ዕቃና የስለት ከብት በቅጥሩ ሜዳ ላይ ጨረታ ወጣ። ማይክ የያዘው ወጣት ጃንጥላውን፣ ምንጣፉን፣ በጎቹን ካጫረተ በኋላ ዳልቻ ተስቦ ገባ። ሕዝቡ “እሰይ!” አለ። ሰገነት ፋንታን በጎን አየችው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሚጸልይ መሰላት።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ የተባሉ የሞጣ ባለ ሆቴል ቀድመው ዋጋ ጠሩ። “ለልጄ ሠርግ ነው፤ ለኔ ይሁን!” አሉ። ከእሳቸው አፍ ሳይወጣ ሌላ ድምፅ ከፍ አድርጎ ጠራ። ሰው ሁሉ ዞረ። ፋንታ እጁን አንሥቷል።

“አባቴ፣” አለ ባለ ማይኩ ግራ ተጋብቶ፣ “ስለቱን ያገቡት እርስዎ አይደሉም እንዴ?”

“ነኝ!”

“ታዲያ?”

“ሰጠሁ! ሰጥቼ ጨረስሁ! አሁን ደግሞ ልገዛ ነው። ክልክል ነው?”

ሳቁ የቅጥሩን ጽዶች አነቃነቃቸው። ወይዘሮ ፀሐይነሽ ጨመሩ፤ ፋንታ ጨመረ። እሳቸው ደገሙ፤ እሱ ደገመ።

“ኧረ እኚህ ሰው ምን አደረግኋቸው? ሌላ በሬ አይገዙም?”

“አንቺ ሌላ ግዢ!”

“የኔስ ለሠርግ ነው። እርስዎ ለምንዎ ነው?”

የፋንታ እጅ አልወረደም። ድምፁ ሲሰበር፣ ሲሳቅበት፣ ያለ ጋቢ ቆሞ ዋጋ ሲጨምር ሰገነት ታየዋለች። ቃሏን ከቢቸና ጀምራ አዘጋጅታዋለች፤ “ምን ያስለቅስዎታል ጋሽ ፋንታ? ባለቤቱ ወሰደው” ልትለው ነበር። ጊዜው አሁን ነው። አፏን ስትከፍት ሌላ ሐሳብ ቀደማት። ሣህለ ማርያምን እንዲህ ሜዳ ላይ አቁመው ጨረታ ቢያወጡት፣ እሷም እጇን ታነሣ ነበር። ቤቱን ትጠራ ነበር፤ ደመወዟን፣ የለበሰችውን ነጠላ ትጠራ ነበር። ተጫራቹ ባለቤቱ ራሱ እንደሆነ እያወቀች አትለቅለትም ነበር። ቢስቁባት እንኳ።

አፏን ገጠመች።

“ይውሰዱት በቃ!” አሉ ወይዘሮ ፀሐይነሽ ነጠላቸውን እያራገፉ። “ይህ በሬ አይደለም፤ የሆድ ልጃቸው ነው። ልጅ አርጄ ድግስ አልደግስም።”

ፋንታ ለክፍያው ከሞጣ እህል ነጋዴዎች ግማሹን ተበደረ። የቤተ ክርስቲያኑ ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝ ተሰጠው። ዳልቻን አንገቱን አቅፎ ሲያለቅስ ሙጀሂድ ደረሰባቸው።

“እንኳን ደስ ያለዎ ጋሼ! ዛሬ ገና የርስዎ ሆነ። እንግዲህ የመምህርትን ጎመን ማን ይክፈል?”

ፋንታ ከልማድ የተነሣ “ባለ…” ብሎ ጀመረ። ደረሰኙን አየ። ስሙ ሙሉውን፣ ከነአያቱ ተጽፏል። አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ወሬው ከአይሱዙው ቀድሞ ቢቸና ገባ። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ዳልቻ እንደ ልማዱ አፉን ቁና ውስጥ ሲነክር፣ ያችው ጤፍ ሻጭ ማማሰያዋን አፍንጫው ላይ አሳረፈችበት። “የፋንታ በሬ!” አለችው። ዳልቻ በዕድሜው እንዲህ ተደንቆ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ታስሮ ይውላል።

ፋንታ የሰገነትን አጥር ራሱ መጥቶ አጠረ። አጣና ተሸክሞ መጣ፤ እያጉረመረመ ቆፈረ፤ እያጉረመረመ ማገረ። ከዛፉ በታች ሲሠራ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና አላለም። ሰገነት ውኃ አቀበለችው።

በሚቀጥለው እሑድ ከኪዳን በፊት ጓሮ ወጣች። ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ለቀመቻቸው። አንዳንዶቹ መጨማደድ ጀምረዋል። በነጭ ጨርቅ በተሸፈነ ሰፌድ ይዛ ሄደች፤ ከቅዳሴ በኋላ ለመሪጌታ ሰጠቻቸው።

“በማን ስም ልባርከው?” አሉ መሪጌታ።

“በሣህለ ማርያም” አለች። ስሙን ጮክ ብላ ስትናገር ድምፁ ለራሷ እንግዳ ሆነባት።

መሪጌታ ባርከው በቢላ እየቆራረጡ ለምእመናኑ አደሉ። “ምንድን ነው? ድንች ነው?” አሉ አንዲት አሮጊት። “ይጎመዝዛል” አለ አንዱ። ሌላው ግን ሁለተኛ ጠየቀ፤ አልተረፈም ነበር። ለሰገነት ሳይደርሳት አለቀ፤ እሷም አልጠየቀችም።

ባዶ ሰፌዷን ይዛ ቤቷ ገባች። ዛፉ ላይ አሁን ፍሬ የለም።