የሀብተሥላሴ እጀጌ

ሰብስቤ የአውሮፕላኗን የጭስ ቱቦ አንድ አፍ በጨርቅ ወትፎ፣ በሌላው አፍ ወናፉን ደግኖ፣ ቱቦውን ከዳር እስከ ዳር የእንዶድ አረፋ ቀባው። ወናፉን ሲጫነው አረፋው ፀጥ እንዳለ ቆየ። ደግሞ ሲጫነው ግን ከመታጠፊያው በታች፣ ዓይን ልብ በማይለው ቦታ፣ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ጀመረ።

"ተሰንጥቋል" አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

አጠገቡ የቆመው መኳንንት ጎንበስ ብሎ አየ። መኳንንት የወይዘሮ እሙ ልጅ ነው፤ እዚያው ኮልፌ ተወልዶ አድጎ፣ በካቶሊኮች ትምህርት ቤት በተማረው ጣሊያንኛ ለወራሪዎቹ አስተርጓሚ ሆኗል። ሰብስቤ ከየካቲቱ እልቂት ወዲህ ሰላምታውን መልሶለት አያውቅም። ዛሬም ሥራው አስገድዶት እንጂ አውሮፕላኗ በተጠለለችበት በዚህ ድንኳን ውስጥ አብሮት ባልቆመ ነበር።

ጊዜው ኅዳር 1930 ነው። ትንሿን አውሮፕላን የሚያበረው ቴነንቴ፣ ማለት የጣሊያኑ መቶ አለቃ፣ ትናንት ከጎጃም ሲመለስ ጣቶቹ በብርድ ደንዝዘው መሪውን መያዝ ስላቃተው፣ ከተማው ድረስ መዝለቅ ተስኖት ኮልፌ ሜዳ ላይ አረፈ። ዛሬ ከምሳ በኋላ መኳንንትን ይዞ ወደ ጎጃም ይመለሳል። የአውሮፕላኗ ማሞቂያ ካልተገጠመልኝ ደግሞ አልነሳም ብሏል። የሜካኒኮቹ አለቃ ማሬሻሎ ጠያይቆ፣ ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰብስቤ የሚባል ቆርቆሮ ቀጥቃጭ እዚሁ ሰፈር እንዳለ ሰማና በጧት አስጠራው።

እውነትም ያውቀዋል። ማሞቂያውን በዚህችው አውሮፕላን ላይ የሠሩት እሱና ታላቅ ወንድሙ ሀብተሥላሴ ነበሩ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የሞተሩ ጭስ የሚወጣበት ቱቦ ላይ የቆርቆሮ እጀጌ ይለበሳል። ንጹሕ አየር በእጀጌውና በቱቦው መካከል ሲያልፍ ይሞቅና ሰዎቹ ወደተቀመጡበት ይገባል። ቱቦው ደኅና ከሆነ የሚገባው አየር ብቻ ነው። ከተሰነጠቀ ግን የጭሱ መርዝ አብሮ ይገባል፤ ሰውም መሞቱን ሳያውቅ እያንቀላፋ ይሞታል።

ያ ጊዜ! ሰብስቤ እጀጌውን ከአውሮፕላኗ የዕቃ ሳጥን አውጥቶ አገላበጠው። ጣሊያን ሳይገባ፣ አውሮፕላኗ የአገር በነበረች ጊዜ፣ ሙሴ ፖል የሚባል ሸምገል ያለ ፈረንጅ ነበር ያሠራቸው። ሙሴ ፖል አሬራ ይወድ ነበር፤ እየጠጣ ጢሙ ላይ ሲያስቀረው ሀብተሥላሴ በሳቅ ይፈርሳል። የሳሙና አረፋ ቶሎ እየጠፋ ሲያስቸግራቸው በእንዶድ እንሞክረው ያለው ሀብተሥላሴ ነው። ሙሴ ፖል አንድ ሕግ ነበረው፤ ማሞቂያ የገጠመ ሰው በመጀመሪያው በረራ ራሱ ይሳፈራል። በሠራው ነገር ላይ ነፍሱን ያላስያዘ ሠራተኛ አላምንም ይል ነበር። ታላቅ ይቅደም ተባለና ሀብተሥላሴ ተሳፈረ። አውሮፕላኗ ኮልፌን ስትዞር ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ እልል አለ። ሀብተሥላሴ ሲወርድ ፊቱ ቀልቶ ነበር።

"ሞቀኝ እኮ፣ ሰብስቤ! ደመና ላይ ሆኜ ሞቀኝ! የሚቀጥለው ያንተ ተራ ነው" አለው።

የሚቀጥለው ጦርነቱ ሆነ። የሰብስቤ ተራ ቀረ። ሀብተሥላሴም በየካቲት ከገዛ ደጁ ተወስዶ ሳይመለስ ቀረ። ቤቱን ያሳያቸው መኳንንት ነው እየተባለ ይወራል። ያየ ሰው ግን የለም።

ማሬሻሎ ወደ ድንኳኑ ገብቶ አንድ ነገር ተናገረ።

"ደረሰ ወይ ይላል" አለ መኳንንት።

"ቱቦው ተሰንጥቋል፣ መበየድ አለበት በለው።"

ማሬሻሎ ጎንበስ ብሎ ስንጥቁን በጣቱ ዳበሰ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ፊቱ ሲጠቁር ሰብስቤ አየ። ዳሩ ግን ቀና ሲል ትከሻውን ነቀነቀና ተናገረ።

"መበየጃው ከተማ ነው፤ ቴነንቴው እስከዚያ አይጠብቅም። በሽቦ ጠምጥመህ በጭቃ ምረገው ይላል" አለ መኳንንት።

"ጭቃ ሲግል ይፈረካከሳል።"

መኳንንት ተረጎመና መልሱን አመጣ። "ትእዛዝ ነው አለ። እጀጌውን አልብሰህ ዝጋው።"

ማሬሻሎ ወጣ። መኳንንት እጆቹን እያፋተገ ፈገግ አለ።

"መቼም ጋሼ ሰብስቤ፣ እግዜር ይስጥዎ። ትናንት እዚያ ላይ ጥርሴ በብርድ እየተንገጫገጨ ነበር የመጣሁት። እናቴ ዛሬ በሙቀት ነው የምሄደው ስላት ደስ አላት።"

ሰብስቤ ሽቦውን አነሳ። ልጁ የሚተረጉመውን አያውቀውም። የሚያውቁት ማሬሻሎና እሱ ብቻ ናቸው። ማሬሻሎ በትእዛዝ ዝም አለ፤ እሱስ? እጁን ማንሳት እንኳ አያስፈልገውም፤ የታዘዘውን መፈጸም ብቻ ነው። ጎጃም ተራራ ላይ አንድ የጠላት መኮንንና አንድ ባንዳ ተኝተው ይቀራሉ፤ የሀብተሥላሴም ደም ይመለሳል። ልቡ ይህን አስቦ ደስ አለው። ደስ ማለቱንም አልካደም።

ሚስቱ ሸዋገነት በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" እያለች ትነካካዋለች። እሱ ደግሞ "እኔ መቼ ጸለይኩ?" ብሎ ያልፋታል።

ሽቦውን ሁለት ዙር ጠመጠመና ቆመ።

"አባትህ አቶ ይገዙ በምን እንደሞቱ ታውቃለህ?"

መኳንንት ደነገጠ። ጋሼ ሰብስቤ ካነጋገረው ዓመት ሊሆነው ነው። "በከሰል ነው አሉ። ክረምት ነበር። እኔና እናቴ ለቅሶ ሄደን።"

"በሩን የሰበርነው እኔና ሀብተሥላሴ ነን። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ስለጠፋ አይጎዳኝም ብለው፣ በሩን ጥርቅም አድርገው ተኙ። ሁላችንም እንደዚያ ነበር የሚመስለን። ስናገኛቸው ፊታቸው ቀላ ብሎ፣ እንቅልፍ ላይ ያሉ ነበር የሚመስሉት።"

መኳንንት አንገቱን ደፋ። የወንድምየው ስም ከተነሳ ወዲያ ቀና ማለት አቃተው።

"ንገረኝ" አለ ሰብስቤ ሽቦውን አስቀምጦ። "የወንድሜን ቤት ያሳየሃቸው አንተ ነህ?"

"በማርያም ጋሼ፣ አላሳየሁም!"

"እንግዲያ ከነሱ ጋር ምን ትሠራ ነበር?"

"መንገዱ ላይ አቁመውኝ ነበር። ወደ ደጃቸው ሲዞሩ አየሁ። እዚህ ቤት ማንም የለም፣ ባዶ ነው ብላቸው ያምኑኝ ነበር።" ዓይኑን በሸሚዙ እጀጌ ጠረገ። "ፈራሁ። ዝም አልኩ።"

ከውጭ የቴነንቴው ድምፅ ተሰማ፤ ምሳውን ጨርሶ እየመጣ ነው። ሰብስቤ በአንድ እጁ ጭቃ፣ በሌላው እጁ እጀጌውን እንደያዘ ቆመ። ቆርቆሮው ላይ የሀብተሥላሴ መዶሻ ያሳረፋቸው ትንንሽ ጠባሳዎች አሉ። ሀብተሥላሴ ግራኝ ስለነበረ ምቱ ሁሉ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። መቃብሩ የት እንደሆነ አይታወቅም። ከእጁ ሥራ የቀረው ይኸው ነው።

ጭቃውን መሬት ላይ ጣለው። እጀጌውን ድንጋዩ ላይ አጋድሞ መዶሻውን አነሳና መታው። እያለቀሰ መታው። ክቡ ጠፍጣፋ እስኪሆን፣ ማንም አቃንቶ ቱቦ ላይ እንዳያለብሰው እስኪሆን ድረስ ቀጠቀጠው። ከዚያ ጭስ ወደ ሰዎቹ እንዳይገባ፣ ሙቀቱ የሚገባበትን የአውሮፕላኗን ቀዳዳ በጨርቅ ጥርቅም አድርጎ ወተፈው።

ማሬሻሎ እየሮጠ ገባ። የተጣመመውን ቆርቆሮ አየ፤ ሰብስቤን አየ። በጥፊ መታውና ከሰብስቤ ደረት ኪስ የይለፍ ወረቀቱን ነጥቆ ቀደደው። ቴነንቴው ግን ሰዓቱን አይቶ፣ ሳይመሽ ጎጃም መድረስ ስላለበት፣ ያለ ማሞቂያም ሊነሳ ቆርጦ ተሳድቦ ጓንቱን ማጥለቅ ጀመረ።

"ሁለተኛ እዚህ ድርሽ እንዳትል ይላል" አለ መኳንንት፤ ፊቱ አመድ መስሏል። "ለምን አበላሸኸው ብሎ ይጠይቃል። ምን ብዬ ልተርጉምለት፣ ጋሼ?"

"አርጅቷል በለው።"

መኳንንት ተረጎመ። ተርጉሞ ሲጨርስ የተጨፈለቀውን እጀጌ፣ ቱቦውን፣ ሽቦውን ተራ በተራ አየ። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ።

ሰብስቤ አላስጨረሰውም። ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ልጁ ክንድ ላይ ጣለው።

"ደርበው" አለው። "እላይ ብርድ ነው።"