አባሪ ሦስት

ነሐሴ 22 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ፤ የውሃው ከፍታ ሦስት ሜትር ከአሥራ ሁለት።

ብዙወርቅ ይህችን መስመር በሰም በተቀባው የማባዣ ወረቀት፣ በስቴንስሉ ላይ መትታ ጨረሰችና እጇን ከማሽኑ ላይ አነሳች። ቀጥሎ ያለው ዓምድ «የለካው ሰው» ይላል። በአቶ አምባው የእጅ ጽሑፍ፣ ከላይ እስከ ታች ባሉት አርባ አንድ መስመሮች ሁሉ የተጻፈው አንድ ነገር ነው፤ «የማኅበሩ ባለሙያዎች»። አርባውን ሳታስብ መትታዋለች። አርባ አንደኛው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ነሐሴ 19 ቀን 1982። ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባሉት ሁለት የኪራይ ክፍሎች ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ አላባራም። በሩ ላይ የተንጠለጠለው ሰሌዳ «የአማካሪ ጽሕፈት ቤቶች ማኅበር» ይላል። ለሕንፃ፣ ለውሃ፣ ለመንገድ ሥራ ጥናት የሚያጠኑ የግል ቢሮዎች ተሰባስበው ያቋቋሙት ነው። ሲመሠረት ሰባት ነበሩ። መጋቢት ላይ ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ በኋላ ግን ቁጥራቸው አሥራ ዘጠኝ ደረሰ። የፊታችን ማክሰኞ ማኅበሩ አንድ ዓመት ይሞላዋል፤ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል፤ የዓመቱ ሪፖርት ይነበባል። ሪፖርቱን የምትጽፈው የማኅበሩ ታይፒስት ብዙወርቅ ናት።

ባሏ ቀናውም ከሞተ የፊታችን ማክሰኞ ዓመቱ ነው።

ቀናው የውሃ መሐንዲስ ነበር፤ ከሰባቱ መሥራቾች አንዱ። ማኅበሩ በይፋ ከመመሥረቱ በፊት ሰባቱ የያዙት የመጀመሪያ የጋራ ሥራ ወንዙ ዳር ላለ ፋብሪካ የጎርፍ ጥናት ማጥናት ነበር፤ መከላከያ ግንብ ለመሥራት የአቃቂ ወንዝ በክረምት ምን ያህል እንደሚሞላ ማወቅ ያስፈልጋል። ቀናው ከድልድዩ በታች በቀለም ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ሳንቃ ተከለ፤ ሐምሌና ነሐሴን በየቀኑ እየሄደ ውሃው የትኛው ቁጥር ላይ እንደደረሰ አነበበ። ደንቡንም ያወጣው እሱ ራሱ ነው፤ ውሃው ሁለት ሜትር ካለፈ ማንም ሰው ብቻውን አይወርድም። አንዱ ወገቡን በገመድ ታስሮ ይወርዳል፤ ሌላው ዳር ቆሞ ገመዱን ይይዛል። ገመዱን የሚይዘው የማኅበሩ ሾፌር ጁማ ነበር።

በሩ ተከፈተና አቶ አምባው ጃንጥላውን እያራገፈ ገባ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው፤ ስድሳ የተጠጋ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ ሰው።

«እንደምን አደሩ ወይዘሮ ብዙወርቅ? እስከ ስድስት ሰዓት ይደርስልናል?»

«አባሪዎቹ ናቸው የቀሩት።»

«አባሪማ ማን ያነባል ብለው ነው! ገጽ እንዲሞላ ነው እንጂ።» ከጠረጴዛው ላይ የተጠናቀቁትን ስቴንስሎች አነሳና መስኮቱ ላይ ለብርሃን ይዞ ማንበብ ጀመረ። «“የማኅበራችን የአንድ ዓመት ጉዞ የእመርታ ጉዞ ነበር።” ጥሩ ነው። እመርታ የሚለው ቃል አይከብድም?»

«እንደጻፉት ነው የመታሁት።»

«ይሁን፤ ከመንግሥት ቢሮ የሚመጡት እንግዶች ይወዱታል።»

ብዙወርቅ እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ ተቀመጠች። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነበረች። ሰው ሲያነጋግራት ድምፁን ግድግዳ በስተጀርባ እንዳለ ሬዲዮ ትሰማዋለች።

«አቶ አምባው፣ ገጽ አራት ላይ “ያለ አንዳች አደጋ” ይላል።»

ሊቀ መንበሩ ስቴንስሉን ቀስ ብሎ አወረደ።

«“የመጀመሪያው የጋራ ሥራችን የሆነው የአቃቂ ወንዝ የጎርፍ ጥናት በታቀደለት ጊዜ ያለ አንዳች አደጋ ተጠናቋል”» አለች፤ ረቂቁን ሳታይ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አውቀዋለሁ።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ለጥናቱ ነው እንጂ ለሰው አይደለም የተጻፈው። ጥናቱ አደጋ አልደረሰበትም። ይረዱኝ እንጂ! አደጋ ብለን ከጻፍን ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴ ከተቋቋመ ሥራው ይቆማል። ሥራው ከቆመ የግንቡ ሥራ ለሌላ ይሰጣል። አሥራ ዘጠኝ ቢሮ ነው እዚህ ወረቀት ላይ የተንጠለጠለው። ቀናው ራሱ ቢኖር እንዲህ እንድጽፍ ነበር የሚፈልገው።»

«ስሙ የትም ቦታ የለም።»

«የሕሊና ጸሎት አለ። አጀንዳ አንድ አድርጌዋለሁ። አንድ ደቂቃ፣ ሁሉም ሰው ቆሞ።»

አቶ አምባው ክፉ ሰው አልነበረም። አስከሬኑ ሲገኝ ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው፤ ለቅሶው ቤት ሦስት ቀን ከድንኳኑ አልወጣም። ከቀብር በኋላም «ሥራዎ እንዳለ ነው» ብሎ የመለሳት እሱ ነው። ሰው ደግ ሆኖ ሳለ ደግሞ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይችላል። ይህን ያወቀችው ዘንድሮ ነው።

«ሙት ዓመቱ መቼ ነው ያላችሁት?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ነገ፤ እሁድ። ማክሰኞ ለሰው አይመችም ብለው እማማ አስካለማርያም ወሰኑ።»

«የቀናው እናት ብልህ ሴት ናቸው። እንግዲያውስ ማክሰኞ ቃለ ጉባኤ ይይዙልናል።»

«እይዛለሁ።»

አቶ አምባው እንደ ልማዱ ከኪሱ ባለ ብረት ጫፍ መጻፊያውን አወጣ። ስቴንስል በቀለም አይፈረምም፤ ይጫራል። የሪፖርቱን የመጨረሻ ገጽ፣ አባሪ ሦስትን፣ ከማሽኑ አውጥታ ሰጠችውና ከታች በኩል ፊርማውን ጫረበት፤ ገና ተጽፎ ያላለቀ ገጽ ላይ። ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚያደርገው። የሚመለስበት ጊዜ ስለማይኖረው አስቀድሞ ፈርሞ ይሄዳል፤ እሷ ከላይ ትሞላዋለች። በአንድ ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ ተሳስታበት አታውቅም።

«ለስላሳ ለማዘዝ ሳሪስ መሄዴ ነው። ጁማ ያባዛዋል። አርባ ቅጂ ይበቃል።» በሩ ጋ ደርሶ ዞረ። «ከነገ በኋላ እንግዲህ ጥቁሩን ያወልቃሉ?»

«እማማ አውልቂ ብለውኛል።»

«ይበጃል። ሕይወት ይቀጥላል፤ ምን ይደረጋል።»

የፊያት መኪናው ድምፅ ከዝናቡ ጋር እየተደባለቀ ራቀ።

ከጓዳ ጁማ የወረቀት እሽግ ታቅፎ ብቅ አለ። የወሎ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ጢሙ ወደ ሽበት የሄደ። ማባዣ ማሽኗ አጠገብ ወረቀቱን ዘረጋና እጀታዋን ገፋ አደረጋት። አልተንቀሳቀሰችም።

«ይቺ ከግመል ትብሳለች። ግመልስ ቢያንስ ስትቆም ታጉረመርማለች።»

ብዙወርቅ አልሳቀችም። እሱም እንደማትስቅ ያውቅ ነበር፤ ግን በየቀኑ አንድ ነገር ይላል፤ ዓመቱን ሙሉ ብሏል።

«ጁማ።»

«አቤት።»

«ያን ቀን ማስታወሻው ሲደርስህ የት ነበርክ?»

ጁማ እጀታውን ለቀቀ። በዓመት ውስጥ ይህን ጠይቃው አታውቅም። ማንም አልጠየቀውም። ፖሊስ የጠየቀው አስከሬኑ የተገኘበትን ቦታ ብቻ ነው።

ማስታወሻውን የጻፈችው እሷ ናት። ምሥረታው ዕለት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አቶ አምባው ቃል በቃል እየነገራት መታችው፤ «ማንኛውም ሠራተኛ በሥራ ላይ ቢሆንም የያዘውን አቋርጦ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት ላይ በጽሕፈት ቤቱ እንዲገኝ።» ወንበር የሚያመላልስ ሰው አስፈልጎ ነበር። እንግዶች ቆመው እንዳይቀሩ።

«ዳር ነበርኩ» አለ ጁማ። «ገመዱ እጄ ላይ ነበር። ሌሊቱን ላይ አገር ዘንቦ ውሃው እንደ በሬ ነበር የሚያገሳው። ተላላኪው ልጅ ወረቀቷን አመጣ። ኢንጂነሩ ተቀብሎ አነበባት።»

«ከዚያስ?»

«ተይው እህቴ።»

«ከዚያስ ነው ያልኩህ።»

ጁማ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠራረገ። «“ብዙወርቅ ናት የመታችው፤ የሷ ጽሑፍ ያስታውቃል፤ ስህተት የለውም” አለና ሳቀ። “ሂድ፣ ወንበራቸውን ተሸከም። ዛሬ ውሃው ጫፉ ላይ ነው፤ ይህን ሳልጽፍ አልመጣም። ገመዱን ዛፉ ላይ አስራታለሁ” አለኝ። እኔም ሄድኩ። ወረቀት ነው የጠራኝ። ወረቀት ከጠራ ምን ይባላል?»

የቀረውን ድልድዩ ላይ ቆመው ጎርፉን ሲያዩ የነበሩ ሰዎች ተናግረዋል። ቀናው የሳንቃውን ቁጥር አነበበ፤ ሰዓቱን አየ፤ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ደብተሩን ድንጋይ ጫነበት። ቀጥሎ ውሃው ያመጣው ቅርንጫፍ ሳንቃው ላይ ተጠመጠመ፤ ሊነቅለው ገመዱን ወገቡ ላይ አጥብቆ ወረደ። ገመዱ አልተበጠሰም። አፈሩ ነው የተናደው፤ ባሕር ዛፉን ከነሥሩ ይዞት ሄደ። በሦስተኛው ቀን አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ሲገኙ ሰውዬውና ዛፉ እንደታሰሩ ነበር።

ብዙወርቅ ያን ጊዜ እዚህ ክፍል ውስጥ፣ እዚህ ወንበር ላይ ነበረች። ቃለ ጉባኤው አሁንም ፋይል ውስጥ አለ፤ በራሷ እጅ፤ «4፡20 — የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።» ጭብጨባው ረጅም እንደነበር ታስታውሳለች። ጁማ ከበሩ አጠገብ ወንበር ተሸክሞ እንደቆመም ታስታውሳለች። አይታው ነበር። «ገመዱን ማን ያዘ?» ብላ አላሰበችም። ማስታወሻዋን ተከትሎ የመጣ ሰው ነው ብላ ነበር ያየችው።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«ስህተት የለውም ማለቱን?» ጁማ አንገቱን ደፋ። «ምን ብዬ ነው የምነግርሽ? እኔም ሄጃለሁ፤ አንቺም ጽፈሻል፤ እሳቸውም አስጽፈዋል። ለማን አቤት ይባላል? ለአላህ ነው እንጂ።»

ዝናቡ ቀነስ አለ። ከጣቢያው በኩል አንድ የዕቃ ባቡር እየተንገጫገጨ አለፈ፤ የመስኮቱ መስተዋት ተንቀጠቀጠ፤ ጸጥ አለ።

ብዙወርቅ ወደ ማሽኑ ዞረች። ስቴንስሉን መልሳ አስገባችና አርባ አንደኛው መስመር ላይ አቆመችው። ከታች የአቶ አምባው ፊርማ አለ። ገጽ አራትን ልታርመው እንደምትችል አሰበች፤ ቀዩ ማረሚያ ቀለም መሳቢያው ውስጥ አለ፤ «ያለ አንዳች አደጋ» የሚለውን ቀብቶ ለማድረቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ግን የእሱ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የእሱ ይሁን። ገጽ አራትን አልነካችውም።

የማሽኑን ሠረገላ ወደ ቦታው ገፋችና በ«የለካው ሰው» ሥር መታች። ሦስት ቃል ብቻ ናት፤ ጥርት አድርጋ፣ ሳትቸኩል መታቻት። ስቴንስሉን ከማሽኑ አውጥታ ለጁማ ዘረጋችለት።

«አንብበው።»

«አማርኛ ማንበቤ እንደ ሽማግሌ ዕርምጃ ነው፤ ታውቂያለሽ።»

«ግድ የለም፤ እጠብቃለሁ።»

ጁማ መስኮቱ ጋ ሄደ። ስቴንስሉን ለብርሃን ያዘው፤ ጣቱን ሳያስነካ ከላይ ወደ ታች ወረደ። «የማኅበሩ ባለሙያዎች… የማኅበሩ ባለሙያዎች… የማኅበሩ…» መጨረሻው ላይ ቆመ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«“ቀናው ወልደጊዮርጊስ፣ ብቻውን።”»

ስቴንስሉን ከመስኮቱ ቀስ ብሎ አወረደው።

«ይሄ ብቻውን የሚለው እኔን ነው የሚጠይቀው» አለ።

«እኔንም።»

«እሳቸው ካዩት ከሥራ ያስወጡሻል።»

«እንዳዩት ይቆጠራል፤ ፈርመውበታል» አለች። «አርባ ቅጂ ነው ያሉት። ጀምር።»

ጁማ ስቴንስሉን ከማባዣዋ ከበሮ ላይ ጠመጠመው፤ ጠርዙን በመዳፉ እያሻሸ አስተካከለ። እጀታዋን ሲገፋት በዚህ ጊዜ አላንገራገረችም። ገጾቹ እርጥብ ቀለም እየሸተቱ አንድ በአንድ ወደቁ። ብዙወርቅ ተቀብላ ደረደረቻቸው፤ አርባውንም በስፒል መታች፤ ስድስት ሰዓት ከመሆኑ በፊት ጨረሱ።

ማክሰኞ ዕለት የሕሊና ጸሎት ተደረገ፤ ደቂቃ አልሞላም። ቃለ ጉባኤውን ጥቁር ለብሳ ያዘች። አባሪ ሦስትን ያነበበ ሰው አልነበረም።

ያነበበው ወር ቆይቶ የፋብሪካው መሐንዲስ አቶ ፀሐዩ ነው፤ ለግንቡ ቁመት የመጨረሻዋን ቁጥር ሲፈልግ። ስልክ ደውሎ «ብቻውን ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ አቶ አምባውን ጠየቀው። ጥቅምት ላይ ብዙወርቅ ሥራዋን እንድትለቅ ተነገራት። ማኅበሩ ሁለተኛ ዓመታዊ ሪፖርት ሳያወጣ በሚቀጥለው ግንቦት መንግሥት ሲለወጥ ተበተነ። ነሐሴ 1983 ላይ የአቃቂ ወንዝ ሦስት ሜትር ከአሥራ ዘጠኝ ደረሰ። የለኩት የፋብሪካው ሠራተኞች ናቸው፤ ሁለት ነበሩ።