የወንድሜ አወዳደቅ

ጉዱን ያመጣችው ያቺ ምላሷ የማያርፍ ጎረቤታችን ናት። አሮጌው ሲኒማ ቤት እሁድ ከሰዓት በኋላ የድሮ ድምፅ አልባ ፊልም ማሳየት ጀምሯል። አይታ ስትመለስ በቀጥታ እናቴ ዘንድ ገብታ፣ ልጅሽ ከደረጃ ሲወድቅ አየሁት፣ በሳቅ ገደለን አለቻት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሠላሳ ዓመት በሆዴ የያዝኩትን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው።

ወንድሜ ቤት ቀቢ ነበር። ሥራ በጠፋበት ዘመን፣ ከደረጃ የሚወድቅ ሰው እንፈልጋለን የሚሉ ፊልም ሠሪዎች አገኙት። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝና የሰጡትን ሰፊ ኮት በልኩ ላደርግለት አብሬው ሄድኩ። ዐሥራ አንድ ጊዜ ጣሉት። አንዴ ብርሃኑ አላማረም፣ አንዴ ባርኔጣው ቶሎ ወለቀ፣ ምናምን። በመጨረሻው ወገቡ ተቀጨ። ቤት ስንገባ ለእናታችን ከመሰላል ወደቅኩ አላት፤ እኔንም አስማለኝ። ሁለት ዓመት ተኝቶ ሞተ።

እናቴ ፎቶ እንኳ ያልተረፈለትን ልጇን ካላየሁ ብላ ድርቅ አለች። ጉልበትሽ አይችልም ብላት፣ ዐይንሽ ደክሟል ብላት፣ ወይ ፍንክች። ባለ ሲኒማ ቤቱን ወንድሜ የሚወድቅባትን ቦታ ቁረጥልኝ ብዬ ለመንኩት። ሰው የሚመጣው ያቺኑ ቦታ ለማየት ነው፣ እንዴት አድርጌ አለኝ። አልፈርድበትም።

እሁድ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥን። ወንድሜ አበባ ይዞ ደረጃውን ወጣ፤ በር አንኳኳ፤ ልጅቷ ከፍታ አየችውና ፊቱ ላይ ዘጋችበት። ከዚያ ተንከባለለ። ተነሣና ሰው አየኝ ይሆን ብሎ ግራ ቀኙን ቃኘ፤ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ሲሰብር እንደዚያው ነበር የሚያደርገው። ምን ልዋሽ፣ እኔም ሳቅ አመለጠኝ። ቀጥሎ ወገቡን ይዞ፣ ጎብጦ ደረጃውን ተመልሶ ወጣና ከአበባው የተረፈችውን አንዲት ዘንግ ለተዘጋው በር ዘርግቶ ቆመ። ከኋላችን ያለው ሰውዬ ወንበሬን እስኪደበድብ ሳቀ።

እናቴ አልሳቀችም።

«ያን ቀን ቤት የገባው እንዲህ ጎብጦ ነው» አለች። «ስንት ጊዜ ጣሉት?»

«አንዴ ነው፣ እማ።»

ዞራ አየችኝ። በዚያ ጨለማ ውስጥ እንኳ ዐይኗን መቋቋም አቃተኝ።

«ዐሥራ አንድ» አልኳት።

መብራቱ በራ፤ ሰው እየተሳሳቀ ወጣ። እሷ ንቅንቅ አላለችም። እንደገና ያሳዩታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ በየእሁዱ ነው አልኳት።

«በየሳምንቱ ሊጥሉት ነዋ» አለች። ነጠላዋን አጣፍታም፣ «ብቻውንማ አይወድቅም» አለች።

ይኸው አራተኛ ወራችን ነው። ቤት ዘግተን እንሄዳለን፤ እዚያችው ወንበር ላይ እንቀመጣለን። ወንድሜ መውደቅ ሲጀምር እናቴ ብድግ ትልና ሁለት እጇን ወደ ፊት ትዘረጋለች። ከኋላ ያሉት፣ እጅዎን ያውርዱ፣ ከለሉን ይሏታል።