አዚዛ የሳለችው የባሕር አምላክ

ልጄ አዚዛ እርሳስ ከያዘች አንጀቴን ታሳርረው ነበር። ጨርቅ ሱቃችን ውስጥ ተቀምጣ፣ ደንበኛ ሲገባ ቀና እንኳን አትልም። ያን ሰሞን የሳለችው ደግሞ ጉድ ነው። ከእንግሊዝኛ መጽሐፏ ያገኘችው የግሪኮች የባሕር አምላክ ነው አለችኝ። ፂሙ እንደ ጎርፍ የሚገለባበጥ፣ ዓይኑ ጉድጓድ፣ አፉ የተበረገደ፣ በእጁ ባለ ሦስት ጣት መንሽ። እርሳሱን ስትጫነው ወረቀቱን ልትበሳው ምንም አልቀራት።

«አላህ ይጠብቀን፣ ይሄን ነገር አቃጥይው!» አልኳት። ሳቀችብኝ።

ጊዜው ቀይ ሽብር ነው፤ አምቦ በአሰሳ ተይዛለች። በማግስቱ የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ አመዩ ጠመንጃውን አንግቶ ከች አለ። ጣቃውን ሁሉ ገለባብጦ ሥዕሉን አገኘው።

«አዴ ናፊሳ፣ ይሄ ማርክስ ነው? ማነው እንዲህ መልኩን ያበላሸው?»

አዚዛ ቀድማኝ ቱግ ብላ፣ «ማርክስ አይደለም! የባሕር አምላክ ነው። ከሐሳቤ ነው የሳልኩት» አለችው።

«ከሐሳብሽ?» ወረቀቱን አራቀው፣ አቀረበው። «የምታውቂውን ሰውስ?»

«ቁልጭ አድርጌ ነዋ!»

ኧረ ይቺ አፈ ፈጣን! ምነው ቀድሜ በቆነጠጥኳት!

አመዩ ፈገግ አለ። ፈገግታው ከጠመንጃው ይልቅ አስፈራኝ።

«እንግዲያው ዓብዲሳን ትስይልናለሽ፤ የክፍልሽን ልጅ፣ የሸሸውን። ፎቶ የለንም፣ ኬላ ላይ ያሉት ጓዶች መልኩን አያውቁትም። ነገ ጠዋት እመጣለሁ። እምቢ ካልሽ በሱ ፈንታ አንቺ እስር ቤት ትገቢያለሽ።»

ዓብዲሳ የጎረቤቴ የፋንቱ አንድ ልጅ ነው። አመዩ እንደወጣ የአዚዛ ፊት አመድ መሰለ።

«እማ፣ ከሳልኩት ይገድሉታል።»

«አበላሽተሽ ሳይው።»

«ሌላ ሰው ቢመስልስ? ያንን ይይዙታል።»

ያ ረቢ! ወዴት ልግባ? የሱቁን የብረት በር አየሁ። እሷም አየችው፤ ገባት። ቀኝ እጇን መቃኑ ላይ አኖረችና ዓይኗን ጨፈነች። ቢስሚላህ ማለት እንኳን አፈርኩ። በሩን በሁለት እጄ ጣቶቿ ላይ ወረወርኩት።

ጠዋት አመዩ በጨርቅ የታሰረውን እጇን አየ። «በር ነው» አልኩት። እሱ ግን ወረቀት ዘረጋና እርሳሱን በግራ እጇ አስያዛት።

«ሞክሪ።»

ልጄ ጎንበስ አለች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ፣ አምላኬ ሆይ፣ ግራ እጇንም ድውይ አድርግልኝ ብዬ ለመንኩ። የመጀመሪያው መስመር ተጣሞ ወጣ።

አልሐምዱሊላህ አልኩ።