አጭሩ የጫካ ዙር

«የቤተሰባችን ጤና ከሁሉ ይቀድማል። ስለዚህ ዛሬ ብስክሌት እንነዳለን» ሲል ሚስተር ኢሊ አንድ እግሩ ካልሲ ውስጥ እንደገባ ሳሎኑ መካከል ቆሞ አወጀ።

አዋጁ በዝምታ ጸደቀ። ሚስቱ ማዳም ናይላ መስኮቱን ዘጋች። ልጃቸው ያራ ስልኳ ላይ አቀረቀረች። የቤት ሠራተኛዋ ሩሃማ የሻይ ብርጭቆዎቹን ለማንሳት ጎንበስ አለች።

«ሩሃማም ትመጣለች» አለች ማዳም።

ሩሃማ ብርጭቆዎቹን ይዛ ቀና አለች። ቤይሩት ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው፤ እስከዛሬ ለሽርሽር ይዟት የወጣ ሰው የለም። «እኔ ማዳም?»

«አንቺ እንደ ልጄ ነሽ፣ ሀቢብቲ። አየር ያስፈልግሻል። ያላ፣ ሳንዱች ሥሪ።»

እንደ ልጅ የሆነችው ሳንዱች ልትሠራ ወጥ ቤት ገባች፤ ልጅ የሆነችው ስልኳን ቀጠለች። ማዳም ደግሞ «ዛሬ መኪናውን እኔ ራሴ እጭናለሁ» ብላ ስትወጣ ስትገባ ቆየች። ሩሃማ ይህ ገረማት፤ ማዳም የተሸከመችው ከባዱ ዕቃ እስከዚያ ቀን ድረስ የጥፍር ቀለም ነበር።

ወሩ ሰኔ ነው። ኮሮና ሰውን ከመንገድ፣ የአገሩ ኪሳራ ዶላርን ከባንክ አጥፍቷል። ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው ሰዎች ሠራተኞቻቸውን በመኪና እየጫኑ ሐዝሚዬ፣ የኢትዮጵያ ቆንስላ አጠገብ ያለ የመንገድ ጠርዝ ላይ ጥለው መሄድ ጀምረዋል። መኪናቸው ሐዝሚዬ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ሩሃማ ትንፋሿን ያዘች። መኪናው አልፎ ሽቅብ ወጣ። «ተመስገን ጌታዬ» አለች በልቧ፣ እና በጠረጠረቻቸው አፈረች።

ጫካው ከባዕብዳ በላይ ነው፤ ተጠብሶ ሩዝ ላይ የሚነሰነሰው የሰኖበር፣ የጥድ ፍሬ የሚወድቅበት ዓይነት። ሦስቱን ብስክሌት ከመኪናው ጣሪያ ላይ አወረዱ።

«ዙሩ አጭር ነው» አለ ሚስተር ኢሊ። «ከዚህ ይነሳል፣ እዚሁ ይመለሳል። አንቺ እዚህ ጠብቂን። ሳንዱቹን እስክንመለስ እንዳትከፍቺው። ቁልፉን ያዢ፤ ብወድቅ ኪሴ ውስጥ ይወጋኛል።»

ዛፍ ሥር ቁጭ ብላ ፍሬ ስትለቅም ቦሰና ደወለች። ቦሰና ከፊት ለፊታቸው ፎቅ ትሠራ የነበረች ጓደኛዋ ናት። ባለፈው ወር ከተጣለች ወዲህ ቡርጅ ኤል ባራጅነህ ሰፈር ከሌሎች ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተጠጋግታ ታድራለች።

«የት ነሽ?»

«ጫካ።»

«የምን ጫካ?»

«ለሽርሽር አመጡኝ። እነሱ ብስክሌት እየነዱ ነው።»

«ሩሂዬ፣ ቦርሳሽ የት ነው?»

«ቤት ነዋ! የት ይሆናል?»

«እኔን ማዳሜ ‹ፒዛ ላብላሽ› ብላ ነው ይዛኝ የወጣችው። ያንቺዎቹ እንኳ ስፖርተኞች ናቸው።»

«አታሟርቺብኝ! የመኪናውን ቁልፍ ሰጥተውኛል እኮ። ጥሎሽ የሚሄድ ሰው ቁልፍ ይሰጥሻል?»

«ያኒ... እሱስ እውነትሽን ነው» አለች ቦሰና።

ስልኩ ገና እጇ ላይ ሳለ ሚስተር ኢሊ ደወለ።

«ሩሃማ! ጎማዬ ተነፈሰ። ፓምፑ መኪናው ኋላ ነው፤ ከፍተሽ አምጪልኝ። ያላ!»

«እሺ ሚስተር።»

ከበስተኋላው አይሆንም የሚል የማዳም ጩኸት መጣ። «ኢሊ! ላ፣ ላ! ኢ...» ስልኩ ተዘጋ።

የመኪናውን ኋላ ከፈተች። ፓምፑ ነበረ። ከፓምፑ ሥር ከአዋሳ ይዛው የመጣችው ሰማያዊ ቦርሳዋ ነበረ። ዚፑን ሳበችው። ልብሶቿ ተጠቅጥቀዋል፤ እጅጌዎቹ እንደተገለበጡ፣ ጫማዋ መጽሐፍ ቅዱሷ ላይ። ይህን ያጠፈች ሴት በሕይወቷ ልብስ አጥፋ አታውቅም። ፓስፖርቷን ፈለገች፤ የለም። ሲመጡ ያለፉት የሐዝሚዬ መታጠፊያ ሲመለሱ እንደሚጠብቃት ያኔ ገባት።

ሚስተር ኢሊን መውቀስ አይቻልም። በዚያ ቤት ውኃ ሲጠማ፣ መነጽር ሲጠፋ የሚጠራው ስም አንድ ነው። ከእሷ የደበቀውንም ራሷ ከፍታ እንድታመጣለት አዘዛት።

ቦርሳውን አውጥታ መሬት ላይ አኖረችው። ፖሊስ ብትጠራ መጀመሪያ የሚጠየቀው የእሷ ወረቀት ነው። ብትሮጥ፣ ዙሩ መልሶ እዚሁ ያመጣታል። ጸለየች፤ ከዚያ ስልክ እንደሚጠብቅ ሰው ትንሽ ጠበቀች።

የመጣችው ማዳም ናት፣ ብስክሌቷን እየገፋች፣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ በላብ ተለጥፎ። ሩሃማ ቦርሳው ላይ ተቀምጣለች።

«ፓምፑን... አገኘሽው ሀቢብቲ?» አለች ማዳም፣ ቦርሳውን እንዳላየች ሆና።

«አገኘሁት ማዳም።»

«ብራቮ።»

«ቦርሳዬንም አገኘሁት።»

«እሱማ... ልብሶችሽ አየር እንዲያገኙ ብዬ ነው።»

«ፓስፖርቴስ? እሱ አየር አያስፈልገውም?»

ማዳም ዛፎቹን አየች፤ ዛፎቹ ምንም አላገዟትም። «ቤት ነው» አለች፣ የተዘረፈችው እሷ የሆነች በሚመስል ድምፅ።

ሩሃማ ቁልፉን ደረቷ ውስጥ ከተተችው። መኪና መንዳት አትችልም፤ አሁን ግን እነሱም አይችሉም። ይህም የማዳም ወንድም ሁለተኛውን ቁልፍ ከከተማ ይዞ እስኪመጣ ድረስ ብቻ እንደሆነ ታውቃለች።

ሚስተር ኢሊና ያራ ብስክሌታቸውን እየገፉ ከዛፎቹ መካከል ብቅ አሉ። ያራ ቦርሳውን ስታይ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አወጣች።

«ማማ፣ ነገርሻት እንዴ?»

ሚስተር ኢሊ እጁን ዘረጋ።

«ኸላስ፣ በቃ ሩሃማ። ቁልፉን።»

«ፓስፖርቴ ሲመጣ፣ ሚስተር።»

እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ሩሃማ የሳንዱቹን ሳጥን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከፈተችው። አንዱን አውጥታ ገመጠች። ሌላውን አወጣችና የተዘረጋው መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ሜርሲ» አለ ሚስተር ኢሊ፣ ከልማድ።